ለተሰነጠቀ ማውዝፒስ ሱፐር ግሉና ሶዳ አይበቃም

ሰሞኑን በሳክስፎን ተጫዋቾች መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዞር ነበር። የተሰነጠቀ ማውዝፒስ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው መንፊያ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠገን ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ማውዝፒሱን በፈላ ውሃ እጠቡ። ስንጥቁን በአሴቶን ጥረጉ። ውስጡን ጥጥ ጠቅጥቁበት፣ ስንጥቁ ላይ ሱፐር ግሉ አፍስሱ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት። ሲደርቅ ሪዱ (ሲነፋ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጠው ስስ የሸምበቆ ቅጠል) የሚያርፍበትን ገጽ የብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ንፉ። ስንጥቁን ያመጣው የአዲስ አበባ ብርድና የፕላስቲኩ ርካሽነት ነው ይላሉ ጸሐፊው። ዘዴው ለክላርኔትም ይሠራል፣ ካልተሳካ ያኔ ባለሙያ ጋር ውሰዱት ብለው ይጨርሳሉ።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የተሰነጠቀ ማውዝፒስ ሁሉ አይጣልም። እኛ አገር ደግሞ ጥሩ ማውዝፒስ ሱቅ ገብተው ብድግ የሚያደርጉት ዕቃ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መለመን አለ። ሻንጣው ውስጥ ቦታ መለመን አለ። የዶላሩን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ጠግኑ ማለታቸው ልክ ነው። የምቃወመው አጠጋገኑን ነው። በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ ሊድን የሚችለውን ማውዝፒስ ራሳችሁ ትገድሉታላችሁ።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉ ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። ስንጥቁ የት ነው?

ጸሐፊው ሁሉንም ስንጥቅ አንድ ላይ ጨፍልቀውታል። ለጥገና ሲባል ግን ማውዝፒስ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የፊቱ ክፍል ጫፉን፣ በመስኮቱ (ሪዱ በሚሸፍነው ክፍት ቦታ) ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጠርዞችና ሪዱ የሚተኛበትን ጠፍጣፋ ገጽ ይይዛል። ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። እዚያ ያለው ልክ የሚቆጠረው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። የኋላው ክፍል፣ እኔ ጭራው የምለው፣ የሳክስፎኑ አንገት ላይ በተጠቀለለው ቡሽ ላይ የሚገባው ክብ ነው። የእሱ ሥራ ቡሹን ጨብጦ አየር አለማስወጣት ብቻ ነው።

ጭራው ላይ ያለ ስንጥቅ ቤት ውስጥ ይጠገናል። በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ጫፉ ወይም ጠርዙ ላይ ያለ ስንጥቅና ስብራት ግን የቤት ሥራ አይደለም። ከጭራው ተነስቶ ወደ ፊት እየሄደ ያለ ስንጥቅ ካላችሁ ዛሬውኑ መንፋት አቁሙ። ጠፍጣፋው ገጽ ላይ ከደረሰ እሱም ከፊተኞቹ ይቆጠራል።

ሌላም ነገር አለ። አየር የሚያስወጣው በርግጥ ስንጥቁ ነው ወይ? ጽሑፉ ይህን ሳያጣራ ወደ ሙጫ ሮጧል። ማጣራቱ ቀላል ነው። ሪዱን ምራቅ አስነክታችሁ በደንብ እሰሩት። የጭራውን ቀዳዳ በመዳፋችሁ ዝጉና ከፊት በኩል አየሩን ምጠጡ። ከዚያ አፋችሁን አንሱ። ሪዱ ለአፍታ ተጣብቆ ቆይቶ ፕክ ብሎ ከተላቀቀ አየር የሚያስወጣ ነገር የለም። ወዲያው ከተላቀቀ ስንጥቁን በጣት ወይም በፕላስተር ሸፍናችሁ ድገሙት። አሁን ከያዘ ጥፋተኛው ስንጥቁ ነው። አሁንም ካልያዘ ችግሩ ከሪዱ ወይም ከገጹ ነውና ሙጫችሁን አስቀምጡ። ስንጥቅ የመሰለ ጭረት ብቻ የሆነባቸውም ብዙ ናቸው።

ወደ ብርዱ እንሂድ። ጸሐፊው ብርድን መክሰሳቸው አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ከጉንፋን እስከ ወገብ ሕመም ሁሉንም የሚያመጣው ብርድ ነው። ግን ስንጥቁን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከጭራው ከንፈር ይጀምርና ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ብርድ ወይም ርካሽ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ በዚያ አንድ ቦታና በዚያ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለምን ይሰነጠቃል? ይህ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር ምልክት ነው። የሚገፋውም ቡሹ ነው።

አንገቱ አዲስ ቡሽ ይደረግለትና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ተጫዋቹ በጉልበት ይገፋዋል። ወይም ቡሹ አርጅቶ ይሳሳና አንዱ ወረቀት፣ ሌላው ፕላስተር ይጠቀልልበታል። ጥቅሉ አንድ ጎን ላይ ይወፍራል፣ ጭራውም በዚያ በኩል ይወጠራል። ወይም ደግሞ ከጓደኛ ማውዝፒስ እንዋሳለን። የየፋብሪካው የውስጥ ስፋት አንድ አይደለም። ለአንዱ ልክ የነበረው ቡሽ ለሌላው ወፍራም ነው። ቡሹ ቅባት ሳይቀባ ደርቆ ሲገባና ሲወጣ፣ በዚያ ላይ ሲጣመም፣ ጭራው አንድ ቀን እጅ ይሰጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠገነው ቡሹ ነው። ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በጠባቡ ቁረጡ። ሊስትሮ ጫማ በጨርቅ እንደሚወለውለው ቡሹን ከቦ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። አንገቱን እያዞራችሁ ዙሪያውን እኩል አሳሱት። በየመሀሉ አቁማችሁ ሌላ ደህና ማውዝፒስ ካላችሁ በእሱ ሞክሩት፣ ቡሹን ቀብታችሁ። ቀለል ባለ ማዞር እስከ መቃኛው ቦታ ከገባ ይበቃል። ከመጠን በላይ ከሳሳባችሁ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ቡሹ እስኪቀየር ያደርሳችኋል። ግን እኩል ጠቅልሉት። ይህን ሳታደርጉ ማውዝፒሱን ብትጠግኑ ያው ቡሽ ያንኑ ስንጥቅ መልሶ ይከፍተዋል።

የርካሽ ፕላስቲኩ ነገር ደግሞ ሌላ ስህተት አለበት። ጥቁር ማውዝፒስ ሁሉ ፕላስቲክ አይደለም። ብዙዎቹ ኢቦናይት ናቸው። ኢቦናይት ከተፈጥሮ ጎማና ከብዙ ድኝ የሚሠራ ጠንካራ ቁስ ነው። ኔልሰን ጉድይር በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ አሹት። ሲሞቅ ድኝ ድኝ ከሸተተ ኢቦናይት ነው። ብርሃን ላይ የከረመ ከሆነ ደግሞ መልኩ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ውዱም ኢቦናይት በወፍራም ቡሽ ይሰነጠቃል። ዋጋው አያድነውም።

ቁሱን ማወቅ ለሁለቱ የማጽጃ ምክሮችም ይጠቅማል። በሁለቱም ላይ ብዙ አልቆይም። የፈላ ውሃ ኢቦናይትን መልኩን ይቀይረዋል፣ ድኙን ያወጣዋል፣ ከዚያም አልፎ ያጣምመዋል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚል ቢመጣ እውነት ነው። ከፍታችን ነው ምክንያቱ። ኢቦናይት ግን ከዚያ በታች ባለ ሙቀትም ይለሰልሳል። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። አሴቶን ደግሞ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ አንዳንዱን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። አንድ ስንጥቅ ልትጠግኑ ገብታችሁ መቶ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ማውዝፒሱ ከምን እንደተሠራ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አሴቶኑን ለጥፍር ቀለም ተዉት።

አሁን ዋናው ጭቅጭቅ። ሱፐር ግሉና ሶዳ።

ሱፐር ግሉ መጥፎ ሙጫ አይደለም። ውሃ የመሰለው ቀጭን ዓይነት ፀጉር የማያስገባ ስንጥቅ ውስጥ ራሱ ስቦ ይገባል። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኞችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ ከደረቀ በኋላ ነው። እንደ መስታወት ድርቅ ይላል። ቀጥ ብሎ ሲሳብ ይችላል። ሲፈለቀቅና ሲመታ ግን ይለቃል። እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይደክማል። እንግዲህ የማውዝፒስ ኑሮ ምንድን ነው? በየቀኑ ተጠምዝዞ መግባት፣ ተጠምዝዞ መውጣት፣ ሰዓታት ሙሉ የሞቀ ትንፋሽና ምራቅ። ሙጫው የሚጠላውን ሁሉ ሰብስባችሁ አንድ ቦታ አስቀመጣችሁለት ማለት ነው።

ሶዳው ነገሩን ያባብሰዋል። ሶዳና ሱፐር ግሉ ሲገናኙ ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ። ጸሐፊውን የማረካቸው ይህ ይመስለኛል። ግን ምን እንደተደረገ አስቡት። ስንጥቁ ተከፍቶ ነበር። የተከፈተውን ክፍተት በድንጋይ ሞላችሁት። ጭራው ተበልቅጦ በዚያው ቀረ። ከእንግዲህ ሊገጥም አይችልም። ስንጥቅ መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ይጣበቃል እንጂ ተከፍቶ አይሞላም።

ጥጡን ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳትሞክሩት። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ በፍጥነት ይግላል። ያጨሳል፣ ጣት ያቃጥላል። ይህን ሳያስጠነቅቁ ጥጥ ጠቅጥቁ ማለት ትክክል አይደለም። ልጆችም ያነቡታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሙጫው አየሩን ይዝጋ። ጉልበቱን ግን ከውጭ የሚይዝ ቀለበት ይሸከመው። ቡሹ ጭራውን ወደ ውጭ በገፋ ቁጥር የሚወጠረው ቀለበቱ ይሁን። ያኔ ሙጫው ላይ የሚያርፈው ጫና ትንሽ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፋብሪካዎችም አንዳንድ ማውዝፒስ ላይ ከመጀመሪያው የብረት ቀለበት ያደርጋሉ።

ዛሬ ማታ ሥራ ካላችሁና ጊዜ ከሌለ ክር ይበቃችኋል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ ክር ሰም ቀቡት። ጧፍ ላይ ብታሹትም ይሆናል። ስንጥቁን በጣት ጨምቃችሁ ከከንፈሩ ጀምሮ ክሩን እያጠበቃችሁ፣ አንዱን ዙር ከሌላው ሳታርቁ ጠቅልሉት። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሂድ። ሙጫ አያስፈልገውም። ነገ ትፈቱታላችሁ፣ ምንም ነገር አልተበላሸም። ክሩን ለዘለቄታው ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ሰም ያልነካው ክር ተጠቀሙና ላዩን ኢፖክሲ የሚባለውን ባለ ሁለት ቱቦ ሙጫ አልብሱት። ሰም ያለበት ክር ኢፖክሲ አይዝም።

የተሻለው ግን የናስ ቀለበት ነው። እዚህ ላይ ከተማችን ሀብታም ናት። ቶርኖ ቤት ሞልቷል። የመኪና ዕቃ ለሚያወጣ ባለ ቶርኖ ይህ ቀለበት ቁም ነገር አይደለም። ከስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይኑረው። የውስጡ ልክ ከጭራው ውጪ በጣም በትንሹ፣ በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይስፋ። ያ ክፍተት የሙጫው ቦታ ነው። በመዶሻ የሚገባ ቀለበት እንዳታሠሩ፤ ኢቦናይት እንደ ብረት አይታገስም። ልኩ የሚወሰደው ስንጥቁ ተጨምቆ እንደተዘጋ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ማውዝፒሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም ብዙ ጭራ ወደ ፊት ሲሄድ ይሰፋል ወይም ከንፈሩ ላይ ጉብታ አለው። ባለ ቶርኖው ጭራውን ራሱን ልጠርበውና ቀለበቱ እኩል ይቀመጥ ቢላችሁ ማውዝፒስ ሠርቶ የሚያውቅ ካልሆነ እሺ አትበሉት። የተሰነጠቀ ክብ ነገር ማሽኑ ላይ ሲጨመቅ ሊፈነዳ ይችላል። ቀለበቱ ጎልቶ ቢታይ ማንም አይሞትም።

ሙጫው ቀስ ብሎ የሚደርቀው ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ይሁን። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት፤ ስንጥቁ ውስጥ ሳይገባ ይጠነክርባችኋል። ቀለበቱ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ሻከር አድርጉት። ውሃው አቧራውን ይይዛል፤ የኢቦናይት አቧራ የሚተነፈስ ነገር አይደለም። እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ኢፖክሲውን በጥርስ መፋቂያ ወደ ስንጥቁ አስገቡ። ስንጥቁን ግን በምላጭ እንዳትፈለቅቁት፣ ይረዝማል። ከቀለበቱ ፊት ለፊት የውሃ ጎማ ማጥበቂያ ፋሼታ በቁራጭ ቆዳ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ አጥብቁ። ስንጥቁ ሲገጥምና ሙጫው ሲተፋ ታያላችሁ። እዚያ አቁሙ። ጭራው ዙሪያ ስስ ሙጫ ቀብታችሁ ቀለበቱን እያዞራችሁ አስገቡት። የውስጡን ትርፍ ወዲያው ጥረጉ። ውስጥ የደረቀ የሙጫ ጉብታ ቡሹን ይቦጭቃል፣ ማውዝፒሱንም ያስከፍታል። ሃያ አራት ሰዓት አትንኩት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። ሲመሽ ጠግኖ ሲነጋ መንፋት ያምረዋል።

በማግስቱ ያንን የመምጠጥ ሙከራ ድገሙት።

አሁን ደግሞ በጣም ያናደደኝ ምክር። ጸሐፊው ጥገናው ካለቀ በኋላ ሪዱ የሚያርፍበትን ገጽ የብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽታችሁ አስተካክሉ ይላሉ። ለምን? ስንጥቁ ጭራው ላይ ከሆነ ገጹ ምን አጠፋ?

ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ በቁጥር ልናገር። የያማሃ የአልቶ ማውዝፒስ 4ሲ የጫፉ ክፍተት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። 5ሲ የሚባለው ደግሞ 1.7 ነው። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች ናቸው፣ ተጫዋቹ ሪዱን ሊቀይር ይችላል። ልዩነታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ይህን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያነሳዋል። ጠፍጣፋው ገጽ ዝቅ ባለ መጠን ጫፉ ወደ ሪዱ ይቀርባል፣ የከርቩም፣ ማለትም ከገጹ ተነስቶ ከሪዱ እየራቀ ወደ ጫፉ የሚሄደው ጉብጠት፣ ርዝመት ያጥራል። በዚያ ላይ የሰው እጅ እኩል አይጫንም። አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይበላል። ያኔ ሪዱ አንድ ጠርዝ ላይ አይዘጋም። ማውዝፒሱ መጮህ፣ ማፏጨት ይጀምራል። ተጫዋቹ ሪዱን ይወቅሳል፣ አንድ ፓኮ ሪድ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ ጥገናው አልሠራም ብሎ ይደመድማል። ጥገናው ሠርቶ ነበር። ያበላሸው ማስተካከያው ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። መስታወት፣ ስስ የመለኪያ ቅጠሎችና የዓመታት እጅ አላቸው። ጫፉ ወይም ጠርዙ የተሰበረ ውድ ማውዝፒስ ካላችሁ ለእነሱ ላኩት። የተማሪ ማውዝፒስ ከሆነ ደግሞ ለውጡት፣ አያዋጣም።

ሲደርቅ ሁሉም ሙጫ ደህና ነው፣ ምንቃሩ ላይም ቢሆን አድርጉት የሚለውም አለ። ምንቃሩ ማለት ጥርሳችን የሚያርፍበት ነው። ጭራው ላይ ያለው ኢፖክሲ አፍ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ብዙ አያሳስብም። ምንቃሩ ላይ ግን ጥርስ በየቀኑ ይፍቀዋል፣ ፍቅፋቂው ደግሞ ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። ያልደረቀ ኢፖክሲ በባዶ እጅ መንካትም ቆዳ ያስቆጣል። ጓንት ርካሽ ነው።

ስለ ክላርኔቱ አጭር ቃል። የክላርኔት ማውዝፒስ ራሱ ነው በርሜሉ (ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለው አጭር የመሣሪያው ክፍል) ውስጥ የሚገባው። ቡሹ ውጪው ላይ ነው። ስለዚህ የነገርኳችሁ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፣ ግድግዳውም ስስ ነው። እዚያ ቀጭን ሱፐር ግሉ ለጊዜው ሊያደርስ ይችላል። ከዚያ ያለፈውን ለባለሙያ ተዉት። አንድ ዘዴ ለሁለቱም ይሠራል ማለት መሣሪያዎቹን አለማየት ነው።

የመጨረሻው ምክራቸው ደግሞ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ካልሆነ ባለሙያ ጋር ውሰዱት ይላሉ። ባለሙያው ግን ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ሶዳና ሱፐር ግሉ የጠጣ ስንጥቅ ነው። የደረቀውን ድንጋይ ሳያወጣ ስንጥቁን መዝጋት አይችልም። ለማውጣት ደግሞ ጤናማውን ኢቦናይት አብሮ መፋቅ አለበት። ማውዝፒሱ ለእናንተ ውድ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቁ ከጭራው አልፎ የት እንደሚያቆም ካልታያችሁ፣ ምንም ሙጫ ሳታስነኩ ያንን የሰም ክር ብቻ ጠቅልላችሁ ውሰዱት።